ከስንቱ ስንት? ከቦምቤ ዝንጅብል እስከ ሁምቦ ደን

ቦምቤ ገበያ ላይ «አንድ ኩንታል ዝንጅብል» ያለ ሰው ገና ምንም አልተናገረም። እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? በዕለቱ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ተራግፎ ጆንያ የተሞላ ዝንጅብል አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ከአምስት ኪሎ እርጥብ የሚገኘው አንድ ኪሎ ግድም ደረቅ ነው። ስለዚህ አንዱ «100 ኩንታል ወጣ» ሌላው «20 ኩንታል ወጣ» ቢሉ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ማሳ እያወሩ፣ ሁለቱም እውነት እየተናገሩ ሊሆን ይችላል። ገበሬውና ነጋዴው በዚህ አይሸዋወዱም፤ ጆንያውን ዳበስ አድርገው ይለዩታል። ጣጣው የሚመጣው ቁጥሩ ከጆንያው ተለይቶ ለብቻው መንገድ ሲጀምር ነው፤ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞኑ ከተማ ሶዶ፣ ከሶዶ ወደ ዜና።

ቦምቤ በወላይታ ዞን ከቦሎሶ ሶሬ ተከፍሎ የወጣው የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩን ከሩቅ የሚያውቀው ሰው በአጆራ ፏፏቴ ያውቀዋል፤ በሸቀጥ የሚያውቀው ደግሞ በዝንጅብሉ። ያ ዝንጅብል በ2004 ዓ.ም. ግድም ክፉ ነገር ደረሰበት። በዘርና በአፈር የሚዛመት አጠውላጊ ባክቴሪያ ገብቶ የወላይታንና የአጎራባቹን የከምባታ ጠምባሮን ማሳ አንድ በአንድ አደረቀው። ከዚያ ወዲህ «በሽታው ከ90 በመቶ በላይ ዝንጅብል አጠፋ» ሲባል እንሰማለን። ጉዳቱ ከባድ ለመሆኑ የአካባቢው ሰው ምስክር አያሻውም። ግን 90 በመቶ የምኑ? በሽታው የታየባቸው ማሳዎች ድርሻ ነው? በአንድ ማሳ ውስጥ የጠወለገው ተክል ድርሻ ነው? ወይስ ከዓመቱ ምርት የጎደለው? በሽታው ከመቶ ማሳ ዘጠናው ላይ ታይቶ፣ በየማሳው ግማሹን ተክል ብቻ ገድሎ ቢሆን የጠፋው ምርት 45 በመቶ ነው። ሦስቱም በመቶኛ ይጻፋሉ፤ ሦስቱም በአንድ ስም «ጉዳት» ይባላሉ።

የመመለሻው ስሌትም ወጥመድ አለው። ከመቶ ኩንታል ዘጠናው ጠፍቶ አሥር ቀረ እንበል። በዓመቱ ምርቱ እጥፍ ቢሆን ሪፖርቱ «የ100 በመቶ ዕድገት» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ አልዋሸም። ገበሬው ግን ከመቶው ሃያውን ብቻ ነው ያገኘው።

እንዲህ ያለው አኃዝ ሲያነጋግር ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀው «እውነት ነው ውሸት?» ብሎ ነው። እኔ ይህ ጥያቄ ቸኩሎ የመጣ ይመስለኛል። ከእሱ በፊት መልስ የሚፈልጉ አሉ፤ ማን ቆሞ ቆጠረው፣ በምን ተካፈለ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ? ወላይታ ይህን ለመፈተን የተመቸ አገር ነው፤ ስለ እሱ የሚነገሩት ቁጥሮች ብዙዎች፣ አንዳንዶቹም ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸውና።

አንጋፋውንና ከባዱን እናስቀድም። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በወላይታ ላይ ዘመቱ፤ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፣ የወላይታ መንግሥትም በዚያው አበቃ። ስለዚህ ጦርነት በየጽሑፉ የሚዘዋወር አንድ ግምት አለ። ከወላይታ 118 ሺህ፣ ከሸዋ ወገን ደግሞ 90 ሺህ ሰው አለቀ ይላል።

ሁለተኛውን እንመርምር። ከዚህ ዘመቻ ዓመት ከሩብ ያህል በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ዓድዋ ላይ ነበሩ። ያሰለፉትን ሠራዊት ታሪክ ጸሐፊዎች ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ይገምቱታል። አገሩ ከክፉ ቀን ረሃብ ከወጣ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ከብት አልቋል፣ ሰው ሳስቷል። 90 ሺህ ወታደር ወላይታ ላይ ቀብሮ የተመለሰ ንጉሥ በዓመት ከሩብ ያንን የሚያህል ጦር እንደገና አሰልፎ እስከ ትግራይ ይዘልቃል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ምናልባት የዘማቹ ቁጥር በአፍ ሲተላለፍ የሟች ቁጥር ሆኖ ይሆናል፤ ይህ የኔ ግምት ነው። አኃዙ ግን እንደቆመ አይቆምም።

118 ሺሁስ? እዚህ ላይ መፍረድ ይከብዳል፤ በዘመኑ የወላይታ ሕዝብ ስንት እንደነበር የቆጠረ የለም። ወደ ኋላ ማስላት ግን ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ዞኑ 1,501,112 ሰው ነበረው። ከጦርነቱ እስከዚያ 112 ዓመት ነው። ሕዝቡ በአማካይ በዓመት 2 በመቶ እያደገ መጣ ካልን ከጦርነቱ የተረፈው 163 ሺህ ይሆናል፤ 1 በመቶ ካልን 492 ሺህ። በመጀመሪያው ስሌት 118 ሺህ ሰው ሞተ ማለት ከአምስቱ ሁለቱ አለቁ ማለት ነው፤ በሁለተኛው ከአምስት አንዱ። ፍልሰቱንና የድንበር ለውጡን ሁሉ ወደ ጎን ትተን እንኳ፣ አንዲት በመቶ ስትለዋወጥ ታሪኩ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ይታያል። ሁለቱም አስፈሪ ነው፤ የትኛውም አልተረጋገጠም።

እንዲህ ሲባል የሚቆጣ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ቁጥሩን መጠየቅ ቁስሉን መካድ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከምኒልክ ሠፈር ጋር አብሮ የተጓዘው ፈረንሳዊው ጋስቶን ቫንደርሃይም ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 አሳትሟል፤ ግድያውን፣ ምርኮውን፣ የተነዳውን ከብት። ምስክሩ ከአጥቂው ወገን ሠፈር ነው የመጣው። ይህን የሚያህል ማስረጃ ያለው በደል በማይጸና አኃዝ ላይ ቢንጠለጠል፣ አንድ ቀን ቁጥሩ ሲወድቅ ለመካድ የሚፈልግ ሰው በደሉንም አብሮ ሊጥለው ይሞክራል። ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በዚያ ዘመን ምርኮና ከብት ድርሻ ስላለበት ይቆጠር ነበር። ሟቹን ማን ይቆጥራል?

ሰው ራሱ በወጉ ለመቆጠር ብዙ ጊዜ ጠበቀ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው። 42.6 ሚሊዮን የሚለው ውጤት ሲወጣ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ከዚያ በፊት ዕቅድ የሚወጣው ከዚህ በብዙ ሚሊዮን ባነሰ ግምት ነበርና። በአንድ ሌሊት ያን ያህል ሕዝብ አልተወለደም፤ የተለወጠው የቆጠራው ነገር ነው። ያም ሆኖ 42.6 ሚሊዮን ራሱ ሙሉ ቆጠራ አልነበረም። ጦርነት በነበረባቸውና መንገድ ባልደረሰባቸው ቦታዎች ቆጣሪ ስላልገባ፣ ከአምስት አንድ እጅ ግድም የሚሆነው በግምት የተሞላ ነው። ዛሬ ሲጠቀስ ግን ቆጠራውና ግምቱ ተለይተው አይነገሩም።

ሁለተኛው በ1987 ዓ.ም. ጥቅምት ተደረገ፤ 53.5 ሚሊዮን። ሦስተኛው ግንቦት 1999 ላይ ሲሆን (አፋርና ሶማሌ ኅዳር 2000 ተቆጥረዋል) 73.9 ሚሊዮን አለ። የዚህኛው ግርምት በተገላቢጦሽ ነበር። የአማራ ክልል 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ሲገኝ ከቀድሞው ትንበያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ዝቅ አለ፤ በፓርላማ ጥያቄ ተነሣ፣ ክርክሩም እስከ ዛሬ ይነሣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 መሠረት ቆጠራ በየ10 ዓመቱ መካሄድ ነበረበት። አራተኛው ለ2010 ታቅዶ ተራዘመ፣ ለ2011 ታቅዶ ዳግም ተራዘመ። ስለ ወላይታ የምንናገረው ሁሉ እስካሁን የቆመው በ1999ኙ ላይ ነው።

ያ መሠረት ሲርቅ ክፍተቱን የሚሞላ አይጠፋም። ዛሬ ስለ ዞኑ ሕዝብ ብዛት አንዱ 2 ሚሊዮን ምናምን ይልሃል፣ ሌላው 6 ሚሊዮን። ይህን ለመፈተን ካልኩሌተር ያለው ስልክ ይበቃል። በ1987ና በ1999 መካከል አገሪቱ ያደገችው በዓመት 2.6 በመቶ ነበር። በዚያው ፍጥነት 1.5 ሚሊዮን በ18 ዓመት ወደ 2.4 ሚሊዮን ይደርሳል። 6 ሚሊዮን እንዲሆን ግን በየዓመቱ 8 በመቶ ማደግ አለበት፤ ማለትም በየ9 ዓመቱ እጥፍ። በመውለድ ብቻ እንዲህ ያደገ ሕዝብ በዓለም ላይ አይታወቅም። ሥራ ፍለጋ ከወላይታ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሐዋሳ የሚሄደውን ወጣት ስናስብ ደግሞ የበለጠ ይከፋል። ምናልባት በየአገሩ ተበትኖ የሚኖረውን የወላይታ ተወላጅ ጨምረው ይሆናል፤ ያኔ ግን ስለ ብሔረሰቡ እንጂ ስለ ዞኑ ማውራት ቀረ።

1,501,112 የሚለውም ቢሆን እስከ መጨረሻ አኃዙ ድረስ መጻፉ ድፍን እርግጠኝነት አይደለም። ቆጣሪ ደጅ ቆሞ «እናታችን፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ሲል የሚሰጠውን መልስ ማንም ያውቀዋል። «እኔ እንጃ ልጄ፤ ደርግ ሲገባ ጡት አጥብቼ ነበር።» ልጅ ከጎን ሆኖ «ሃምሳ በላት» ይላል፣ ቆጣሪው 50 ብሎ ይጽፋል። እንዲህ እየሆነ በየቆጠራው በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ያብጣሉ። የሕዝብ ጥናት ሰዎች ለዚህ ዊፕል የሚባል መለኪያ አላቸው። ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉትን ወስደው በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ዕድሜ የተናገረው ከአምስት አንዱ መሆኑን ያያሉ፤ ልክ ከሆነ 100፣ ሁሉም እንዲያ ካለ 500። የኢትዮጵያ ቆጠራዎች ከ100 በእጅጉ ርቀው ይወጣሉ። ይህ የቆጠራውን ጠቅላላ ድምር አያበላሸውም። ግን «በወረዳው ይህን ያህል የ50 ዓመት ሴቶች አሉ» የሚል አኃዝ ሲቀርብልህ ከእነሱ ስንቶቹ በትክክል 47፣ ስንቶቹ 54 እንደሆኑ ጠይቅ።

እንዲያም ሆኖ ከዚያ ቆጠራ የወጣ፣ ሲሰሙት የሚያስደነግጥ፣ ሲፈትኑት ግን የሚጸና ቁጥር አለ። ዞኑ 4,208 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 357 ሰው ማለት ነው። 100 ሄክታር ለ357 ሲካፈል ለአንድ ነፍስ 0.28 ሄክታር ይደርሳል፤ አንድ ጥማድ ከምናምን። ይህ ገደሉን፣ ወንዙን፣ መንገዱንና ከተማውን ጨምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድገት ጨምርበት። የወላይታ ገበሬ «ሁለት ጥማድ አለኝ፣ ለሦስት ልጅ አካፍላለሁ» ሲል ከቆጠራው ጋር ይገጥማል። አማካዩ የሚሸፍነው ሌላ ነገር ነው፤ በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ያለው ደጋ ከዚህ እጅግ የበለጠ የታመቀ ሲሆን፣ በአባያና በኦሞ በኩል ያለው ቆላ የሳሳ ነው። 357 ሰው በእኩል ተዘርግቶ የሚኖርበት ቦታ የትም የለም።

ቁጥር ተጠይቆ የተሰረዘበትንም ጊዜ ወላይታ አይታለች። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ስለ አዲስ ክልል ምሥረታ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ምርጫ ቦርድ የዞኑን ውጤት በጥሰት ምክንያት ሰርዞ ሰኔ 12 እንደገና አስመረጠ። ቁጥሩ ቢመረመር ምን እንደሚመስል ያየንበት ነው።

አሁን ወደ ጓሮ እንግባ፤ ወደ እንሰቱ። ከቦምቤ ብዙ በማይርቀው አረካ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የሚታወቀው በእንሰት ሥራው ነው፤ እና ስለ እንሰት ከሚነገሩት አስገራሚ ቁጥሮች ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር ያሳተመው ጥናት፣ ከ40 እስከ 60 እንሰት፣ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ላይ ቢተከል ከ5 እስከ 6 ሰው ያለበትን ቤተሰብ ይቀልባል አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ዓለምን ሲያነጋግር፣ 15 እንሰት አንድ ሰውን ለዓመት ይመግባል፣ ተክሉም ቢስፋፋ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ሊቀልብ ይችላል ተባለ።

በመጀመሪያው ስሌት ለአንድ ሰው ከ7 እስከ 12 እንሰት ይበቃል፤ በሁለተኛው 15። ይህ ልዩነት ብዙ አያስጨንቅም፤ አንዱ እንሰት ቆጮ ሲወጣው ከሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል። የሚያስጨንቀው ጊዜ ነው። እንሰት ጤፍ አይደለም፤ ለመድረስ አምስት ዓመት ግድም ይፈጃል፣ እንደ ዝርያውና እንደ ደጋው ከዚያም በላይ። ዘንድሮ 15 ቆርጦ የበላ ሰው ከርሞ የሚቆርጣቸው ሌሎች 15 የአራት ዓመት፣ ከዚያ 15 የሦስት ዓመት እያለ ከኋላ የቆሙ ያስፈልጉታል። በአምስት ዓመት ስሌት ለአንድ ሰው 75፣ ለአምስት ሰው 375 ተክል በአንድ ጊዜ መሬት ላይ መቆም አለበት። ለደረሰ እንሰት ከላይ የተሰጠውን ስፋት፣ ስድስት ካሬ ሜትር ከምናምን፣ ለሁሉም ብንሰጥ ከ2,300 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል። ችግኙ ተጠጋግቶ ስለሚተከል ጥቂት ቀንሱለት። አንድ ሙሉ ጥማድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በአንደኛው ወሬ የጓሮ ጥግ የበቃው እንሰት፣ በዚህኛው ከሁለት ጥማድ አንዱን ወሰደ።

የወላይታ እናቶች ይህን ሳያሰሉ ያውቁታል። ከቤቱ ኋላ ሲታይ ትልልቁ እንሰት በአንድ ወገን፣ መካከለኛው ቀጥሎ፣ ችግኙ ወደ ዳር ነው። በአንድ ረድፍ የተደረደረ ዓመት ማለት ነው። የክፉ ዓመት ምልክቱም እዚያው ይታያል። ያልደረሰው ሲቆረጥ፣ የ3 ዓመቱ ከሥሩ ሲፋቅ፣ የከርሞው ምግብ ዘንድሮ ተበላ ማለት ነው። በ1986ና በ2000 ዓ.ም. በወላይታ የታየውን «አረንጓዴ ረሃብ» ከውጭ የመጣ ሰው መረዳት ያቃተው ለዚህ ነው። ኮረብታው ለምልሟል፣ እንሰቱ ይታያል፣ ሕፃናቱ ግን ከስተዋል። ተክል ለቆጠረ ሰው ምግብ አለ፤ ዕድሜውን ለቆጠረ ግን የለም። በዚያ ላይ የእንሰት አጠውልግ አለ። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ የገለጹት ይህ በሽታ የአራት ዓመት እንሰት ሲገድል የሚወስደው አንድ ተክል ሳይሆን አራት ዓመት ነው። የ15ቱ ስሌት ይህን አይቀንስም።

ይህ ሁሉ የእንሰትን ክብር አይቀንስም። ከአንድ መሬት በጊዜና በስፋት ተካፍሎ ብዙ ምግብ በመስጠት ከእህል እንደሚበልጥ አድማሱ ፀጋዬ በሲዳማ፣ በወላይታና በሐዲያ ባደረጉት ጥናት አሳይተዋል። እዚያ ማካፈያው ተነግሯል። ለዚያ ነው የማምነው።

ስለ ዛፍ ሳይነሣ ደግሞ የዘመናችን አስገራሚ ቁጥር አይሟላም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን፣ በ12 ሰዓት ውስጥ 353,633,660 ችግኝ ተተከለ ተባለ። ብዙ ሰው «አይሆንም» አለ፤ እኔ ስሌቱ እንኳ ያስኬዳል እላለሁ። 23 ሚሊዮን ሰው ወጣ ከተባለ ለአንድ ሰው 15 ችግኝ ይደርሳል፤ ጉድጓዱ አስቀድሞ ከተቆፈረ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ዓይኔን የሚስበው መጨረሻው ላይ ያለው 660 ነው። 23 ሚሊዮን ሰው በየገደላገደሉ ተበትኖ ሲተክል 660 ይሁን 659 የለየው ማን ነው? ይህ ሁሉ ቀርቶ ከተተከለው ስንቱ ለሁለተኛው ክረምት እንደደረሰ የሚናገር አኃዝ ቢቀርብ ይሻለን ነበር፤ መትከል የአንድ ቀን ነው፣ መጽደቅ የዓመታት።

ወላይታ ውስጥ ግን በተለየ መንገድ የተቆጠረ ደን አለ፤ ከሶዶ በስተደቡብ፣ ሁምቦ። የተራቆተውን ተራራ ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ከከብት ከለሉት፤ አብዛኛው ሥራ ተከላ ሳይሆን ከመሬት በታች ሕያው የነበረውን የዛፍ ጉቶ እየገረዙ ማሳደግ ነበር። ሥራውን የደገፈው ወርልድ ቪዥን ሲሆን ስፋቱ 2,728 ሄክታር ነው፤ በ30 ዓመት 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል ተባለ፣ ከዚህም 165 ሺህ ቶኑን የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ይህም በመጀመሪያ ሲሰሙት ያጠራጥራል። ሲያካፍሉት ግን ለአንድ ሄክታር በዓመት 11 ቶን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ እያገገመ ላለ ደን የሚቻል ልክ ነው። ስፋቱ በካርታ ላይ ያለ ነው፣ ጊዜው ተጽፏል፣ ገዥው ገንዘብ ስለሚከፍል ዛፉን በመለኪያ ያስለካል። ለዚህ ደን የሚሰጠው የካርቦን ሰርተፍኬት ደግሞ ጊዜያዊ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ መርማሪ መጥቶ ደኑ መቆሙን ካላረጋገጠ ቀኑ ሲያልፍ ዋጋ ያጣል።